ተራራው እያለ ሰሌዳው ምን ይበል?

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ መጥቶ «ስለ ብሔራዊ ፓርኮች ጥቅም ንግግር ያድርጉልን» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እምቢ እል ነበር። ስለ ጥቅማቸው ብዙ ተነግሯል፤ ሰሚውም ደክሞታል። የጠየቀኝ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶች ፈቃዱ ሲገኝ፣ ዝናቡም ሲያባራ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ወጥታችሁ ለጐብኚ የሚሆኑ አምስት ሰሌዳዎች ለማቆም አስባችኋል። የአምስቱን ጽሑፍ ረቂቅ ሰጥቶኝ «አንብበው አስተያየትዎን ለሁላችንም ይንገሩን» አለኝ። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያ ስትደክሙበት እንደ ከረማችሁ አይቼ ደስ አለኝ። በሁለተኛው ንባብ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ቆረቆረኝ። የትኛው እንደ ሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ስለ ሌላው ልናገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውቅ።

የመጀመሪያው ሰሌዳችሁ ስለ ጭላዳ ነው። እንዲህ ይጀምራል፤ «ሳይንሳዊ ስሙ ቴሮፒቴከስ ጀላዳ የሆነው ይህ አጥቢ እንስሳ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ እንስሳ ሲሆን…» ከዚያም ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ የእርግዝናውን ወራት እየቈጠረ እስከ ሰሌዳው ግርጌ ይወርዳል። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ሰሌዳው በሚተከልበት ቦታ ቁማችሁ አስቡት። ከፊት ለፊት አንድ መቶ የሚያህል የጭላዳ መንጋ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል። ግልገሎቹ ይላፋሉ፤ አውራው ጐፈሩን ነፋስ እየነሰነሰው ይቀመጣል። ጐብኚው ደግሞ ለዚህ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ የእንስሳውን ክብደት በኪሎ ያነብባል። ተራራ ድረስ አምጥተን አንገቱን አስደፋነው ማለት ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሳችሁ እንደምታውቁት ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት ለየብቻ ናቸው። ንባቡን አጥርቶ የሚወርድ ተማሪ ሁሉ «አንድም» ብሎ ምስጢሩን ያወጣል ማለት አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ጉባኤ፣ ሌላም መምህር ያስፈልገዋል። በየፓርኩ የምናቆማቸው ሰሌዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ከንባብ ቤት አልወጡም። ስም ይጠራሉ፤ ቁጥር ይቈጥራሉ፤ በዚያው ያበቃሉ።

ይህን የምለው በሰው ሥራ ለመሳቅ አይደለም፤ እኔም እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ጽፌአለሁ። ስሕተቴን ያሳዩኝ ልጆች ናቸው። አንድ ጊዜ ከአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጋር ወደ አንድ ፓርክ ሄድን፤ የፓርኩን ስም አልጠራም። ከመግቢያው አጠገብ አንዲት የትርኢት ክፍል አለች። በውስጧ ጭድ የተጠቀጠቀባቸው የአራዊት ቆዳዎች ቁመዋል፤ ቀንዶች በግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ብል የበላው ጅብ አንድ ዓይኑ ወልቆአል። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ «ምን ይላል?» ብላ መምህሯን ጠየቀችው፤ እርሱም «ሰልፍሽን ያዢ» አላት። ክፍሏን በአምስት ደቂቃ ጨርሰው ወጡ። ከበሩ ውጭ ግን አንድ ጥንዚዛ እበት አድቦልቡሎ በኋላ እግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። ልጆቹ ከበው ተቀመጡ። ወዴት ይወስደዋል? ለምን ወደ ኋላ ይሄዳል? ቤት አለው? ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ሊያስነሣቸው አልቻለም። የዚያችን ክፍል ወጪ ለእኔ ቢሰጡኝ ከጥንዚዛው አጠገብ ጥቂት በርጩማዎች አስቀምጥ ነበር።

ሌላው ዓለም ስለዚህ ጉዳይ አስቀድሞ አስቦበታል። ፍሪማን ቲልደን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ጋዜጠኛና ልብ ወለድ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። በሸመገለ ጊዜ የአገሩን ብሔራዊ ፓርኮች እየዞረ ጠባቂዎቹ ለጐብኚ ሲናገሩ አዳመጠ፤ ሰሌዳዎቹንም አነበበ፤ ያየውንም በ1957 በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ስድስት መሠረተ ሐሳቦች አሉት። ሁሉን ለመዘርዘር ጊዜ የለንም፤ ሦስቱን በራሴ አነጋገር ላቅርብ። የምትነግረው ነገር ከሰሚው ኑሮ ጋር ካልተገናኘ መካን ነው። ዋናው ግብ ማስተማር ሳይሆን የሰሚውን ልብ መቀስቀስ ነው። ለልጆች የሚሆነውም ለዐዋቂ የተጻፈው ተቀንሶና ተቀጥኖ ሳይሆን ከሥሩ ለብቻው የታሰበ መሆን አለበት። ሰውየው ለመሣሪያም ብዙ ፍቅር አልነበረውም፤ ማንኛውም መሣሪያ ቦታውን የሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ከሚናገረው አይበልጥም ባይ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልኝ፤ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

ከቲልደንም በፊት ቢሆን ነገሩ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። በአሪዞና ግዛት ግራንድ ካንየን በሚባለው ታላቅ ገደል አፋፍ ላይ በ1928 ያቫፓይ የምትባል አንዲት የመመልከቻ ቤት ተከፈተች። ሥፍራውን የመረጡት የድንጋይ ሊቃውንት ናቸው፤ የገደሉ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ከየት እንደ ሆነ ካጠኑ በኋላ። ቤቷን ቤተ መዘክር ብላችሁ ብትገቡ የምታዩት ሰፋፊ መስኮት ነው። ትርኢቱ ውጭ ነው። መነጽሮቹ እያንዳንዳቸው ወደ አንድ የተወሰነ ቦታ ተነጣጥረው ተተክለው ነበር፤ የዚያ ንብብር ድንጋይም በአጠገባቸው ተቀምጧል። ጐብኚው በመነጽሩ ያያል፤ ወዲያው ድንጋዩን በእጁ ይነካል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ገደሉን እንደገና ይመለከታል። ቤቷ ዛሬም አለች፤ የምታገለግለውም ለዚያው ነው።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ጠቅላላ ነገር ይህ ነው፤ ሰሌዳ መልካም ሆነ የሚባለው አንባቢው ቶሎ ጥሎት ቀና ሲል ነው። ጭላዳችሁን በዚህ መንገድ እንሞክረው። እኔ እንዲህ ብጽፈው ደስ ይለኛል፤

«እጃቸውን ተመልከቱ። ቁጭ ብለው የሚለቅሙት ሣር ነው፤ ኑሯቸው በሣር ነው። ሲመሽ ወዴት የሚሄዱ ይመስላችኋል? ወደ ገደሉ ወርደው በቋጥኙ ጠርዝ ላይ ያድራሉ። የቅርብ ዘመዶቻቸው ጥንት በአፍሪካ በብዙ አገር ይኖሩ ነበር፤ ዛሬ የሚገኘው አጥንታቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወገን በሕይወት የቀሩት ከፊታችሁ የተቀመጡት ናቸው።»

የላቲኑ ስም የት ሄደ? ለሚፈልገው ሰው በግርጌ በትንሹ ይጻፍ። ክብደቱስ? ይቅር።

ስለ ጅብራም ሁለተኛው ሰሌዳችሁ ላይ «ግዙፍ ሎቤሊያ» ብላችሁ ጽፋችኋል። አገሩ ስም አውጥቶለት እያለ ለምን በውሰት ስም ትጠሩታላችሁ? ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበ በኋላ ይሞታል። ይህን ከነገራችሁት በኋላ «ከፊታችሁ ካሉት ያበበው የትኛው ነው? የትኛው ቀን እየጠበቀ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ሰውየው በሜዳው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ሲቈጥር ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው፣ ስለ ድንጋዩ የጻፋችሁት፣ ከሁሉ ይበልጥ አስቸግሮኛል። «የኦሊጎሲን ዘመን የጎርፍ ባዛልት» ይላል። እኛ የተማርነው እንኳ ሁለት ጊዜ ማንበብ አለብን። ነገሩ ግን ቀላልና አስደናቂ ነው። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እሳተ ገሞራ ቀልጦ እየፈሰሰ፣ እየበረደ፣ በላዩም እንደገና እየፈሰሰ ተነባበረ። ከዚያ በኋላ ውኃ ሸረሸረው። እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል በሚወርደው ገደል ላይ አግድም የተጋደሙት መስመሮች ያ ንብብር ናቸው። መሶብ ሙሉ እንጀራ ከጐን ሲቆረጥ ያየ ሰው ይህን ገደል ለማንበብ ትምህርት ቤት መግባት አያሻውም። እናንተ ዩኒቨርሲቲ ስላላችሁ አፍራችሁ ይሆናል እንጂ እንጀራውን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ነውር የለውም።

የ30 ሚሊዮን ዓመት ርዝመት ግን በቃል አይገባም። በዚያው በግራንድ ካንየን በ2010 የተከፈተ አንድ የእግር መንገድ አለ። በየአንድ ሜትሩ የነሐስ ምልክት ተተክሎበታል፤ አንዱ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ነው። በመንገዱ ዳር ከገደሉ የተወሰዱ ድንጋዮች እንደ ዕድሜያቸው በየተራቸው ተቀምጠዋል፤ መንካትም ይፈቀዳል። ዓይነ ስውር ጐብኚ በእጁ ዳስሶ የሚያነብበው ትርኢት ስለ ሆነ ይህን እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ፤ በአምስቱ ሰሌዳዎቻችሁ ውስጥ የሚዳሰስ ነገር አንድ እንኳ የለም።

ይህን ለመሥራት ነሐስ አያስፈልግም። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ጐብኚ አብዛኛውን ጊዜ በጐንደር በኩል ስለሚያልፍ የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመጣል። በመንገዱ ላይ ድንጋይ አስቀምጣችሁ «ዛሬ» በሉት። ከዚያ ሠላሳ ሰፊ ርምጃ ቈጥራችሁ ሌላ ድንጋይ አኑሩ፤ ተራራው የፈሰሰው እዚያ ላይ ነው። በመልካ ቁንጡሬ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር፣ የድንጋይ መሣሪያቸው የተገኘው የጥንት ሰዎች ከ«ዛሬ» ሁለት ርምጃ ያህል ላይ ይቆማሉ። ጐንደርስ? አራት መቶ ዓመት ገደማ በዚህ ልክ ሲሰፈር የአውራ ጣት ጥፍር ውፍረት ያህል ነው። ጐብኚው ትናንት «እጅግ ጥንታዊ» ብሎ ያደነቀውን ግንብ በጥፍሩ ለክቶ፣ ከዚያ ሠላሳ ርምጃ ሄዶ፣ ገደሉን ቢመለከት ከሰሌዳ ይልቅ እግሩ ያስተምረዋል።

መልካ ቁንጡሬን ካነሣሁ አይቀር፣ ያላያችሁት ካላችሁ ሂዱ። በ2024 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ሥፍራ ነው፤ እኔ የምወድደው ግን ስለ ማዕረጉ አይደለም። ትርኢቱ በጎጆ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥታችሁ ወደ ቁፋሮው ስትሄዱ ድንጋዮቹ በተገኙበት ቦታ መሬት ላይ ተኝተው ታዩአቸዋላችሁ። ማንም አንሥቶ በመስተዋት ሣጥን አላስገባቸውም። ከተቀመጡበት ያልተነሡ ድንጋዮች ብዙ ይናገራሉ።

አሁን ስለ እጅ ሥራው ጥቂት ልበል፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ሦስት፣ ሠላሳ፣ ሦስት የሚሉት ደንብ አላቸው፤ አንዱ ጐብኚ ሦስት ሴኮንድ ይሰጣችኋል፣ ሌላው ሠላሳ ሴኮንድ፣ ጥቂቱ ሦስት ደቂቃ። ስለዚህ ርእሱ ብቻውን አንድ ነገር ይናገር። «ጭላዳ» የሚል ርእስ ምንም አይናገርም፤ «ሣር ነጪዎቹ» ቢሆን ይሻላል። ፊደላችን ደግሞ ከላቲን ፊደል ይልቅ ተለቅ ብሎ መጻፍ አለበት፤ «ቡ»ን ከ«ቢ» የምትለየው ትንሿ ቅጥያ ስለ ሆነች በርቀት ትጠፋለች። ረቂቁን በትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ለጥፉና መነጽር የሚያደርጉትን መምህሮቻችሁን ከሁለት ሜትር ርቀት አስነብቡ። ከሁለቱ ቋንቋዎች አማርኛው ከላይ ይሁን፤ ተራራው የማነው ብሎ የሚጠይቅ የደባርቅ ተማሪ እንዳይኖር። እንግሊዝኛውም የአማርኛው ቃል በቃል ትርጕም መሆን የለበትም፤ የውጭ አገሩ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር ነው። እንጀራውን ገና በደረሰበት ከተማ ነው የቀመሰው።

ሰሌዳው ቀጥ ብሎ እንደ በር አይቁም፤ ተራራውን ይጋርዳል። ከወገብ ዝቅ ብሎ እንደ አትሮንስ ያዘንብል። ገደሉ አፋፍ ድረስም አትውሰዱት፤ ሰው እያነበበ መራመድ ይወዳል።

ስለ ቀለሙ፤ በዚያ ከፍታ ፀሐይ ጽኑ ነው። በተራ ወረቀትና ቀለም ያተማችሁት ሥዕል ቀዩ አስቀድሞ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ይቀራል። በዓመቱ ተመልሳችሁ ብትሄዱ የጭላዳው ቀይ ደረት ከሥዕሉ ላይ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። እጅግ የሚቆየው ብረት ላይ በእሳት የተጋገረ የመስተዋት ቅብ ነው፤ እናቶቻችን የሚገለገሉበት ነጭ የብረት ሳህንና ኩባያ ያለው ዓይነት ማለት ነው። ፀሐይ አይነካውም። ዳሩ ግን እንደምታውቁት ያ ሳህን ከወደቀ ይላጣል፤ የተላጠውም ይዝጋል። እረኛ በድንጋይ ዒላማ ቢሞክርበት እንደዚያው ነው። ውድም ነው። የማኅበሩን ሣጥን ስለማውቀው በመጀመሪያው ዓመት በእንጨትና በዘይት ቀለም ጻፉት እላለሁ፤ ሲጠፋ ታድሱታላችሁ፤ ስታድሱትም ስሕተቱን ታርማላችሁ። በስልክ ስለሚነበበው ምልክትና ስለሚሰማው ድምፅ የጠየቃችሁኝ እንደ ሆነ አልቃወምም፤ ግን በገደል አፋፍ ኔትዎርክ አገኛለሁ ብሎ የሚተማመን ይተማመን።

ቁጥርም በማይጠፋ ቅብ ላይ አትጻፉ። በቤታችሁ ያሉ አሮጌ መጻሕፍት ራስ ደጀንን 4,620 ሜትር ይሉታል፤ አዳዲሶቹ 4,550 ገደማ ያደርጉታል። ተራራው አላጠረም፤ ለካዩ ተሻለ። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከተመዘገቡት ዐሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ወጣ። በ1996 «በአደጋ ላይ ነው» ብሎ በብረት የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰሌዳው ዛሬ ይዋሽ ነበር። የዋልያንም ብዛት እንዲሁ። በአራተኛው ሰሌዳችሁ የጻፋችሁትን አኃዝ ሰርዙና የዋልያው ዱካ በየትኛው ቋጥኝ ላይ እንደሚፈለግ ጻፉ።

ወደ አምስተኛው ሰሌዳ ደረስሁ። ግጭ ላይ ሊተከል የታሰበው ነው። የቆረቆረኝ ዐረፍተ ነገር ያለው እዚህ ነው፤ «ይህ ሥፍራ ከሰው እጅ ንክኪ ነጻ የሆነ ድንግል ተፈጥሮ ነው።»

ማን እንደ ጻፈው አልጠየቅሁም፤ መጠየቅም አልፈልግም። ቃሉ የእርሱ አይደለም፤ ከብዙ የቱሪስት ወረቀት ላይ የተቀዳ ነው። ምንጩም ሩቅ ነው። የሎውስቶን የሚባለው የአሜሪካ ፓርክ በ1872 ሲቋቋም ከዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጐብኚ አይዞህ እንዲባል፣ ሕንዶቹ ፍልውኃውን ፈርተው ወደዚህ አይቀርቡም የሚል ወሬ ተነዛ። የፓርኩ ሹማምንት ራሳቸው ነገሩት፤ መጻሕፍት ደገሙት፤ ጐብኚው አመነው። ሐሰት ነበር። በዚያ ምድር በግ እያደኑ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሌሎችም በየወቅቱ ይመጡ ነበር። ዛሬ ፓርኩ ራሱ ከሥፍራው ጋር የታሪክ ግንኙነት ያላቸውን 27 ነገዶች ይቈጥራል። ወሬውን ከሰው አፍ ለማውጣት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ አሁንም ጨርሶ አልወጣም። አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ስትወጣ የምትኖረው ዕድሜ እንዲህ ነው።

ግጭ ድንግል ምድር አልነበረም። መንደር ነበር። ሰዎቹ ገብስ ያርሱ፣ ከብትና በግ ያረቡ ነበር፤ መስጊድ ነበራቸው፤ ሙታናቸውን እዚያ ቀብረዋል። ፓርኩ በ1969 በሕግ ሲቋቋም እነርሱ ከውስጡ ተገኙ እንጂ ፓርኩ ካለበት ሄደው አልሰፈሩም። ከገደሉ በታች የነበሩ ሌሎች መንደሮች በ1970ዎቹ መጨረሻ በደርግ ዘመን ተነሥተዋል። የግጭ ሰዎች ደግሞ እስከ 2016 ባለው ጊዜ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ዋልያው ይጥፋ?» ልትሉኝ ነው። አይደለም። ግጦሹ ከልክ አልፎ ነበር፤ ሣሩ ተጋጥቶ፣ አፈሩ እየታጠበ፣ አራዊቱ ወደ ገደሉ ጠርዝ ተገፍተው ነበር፤ ፓርኩ በ1996 ከአደጋው ዝርዝር የገባበት አንዱ ምክንያትም ይኸው የሰውና የከብት መብዛት ነው። የሰዎቹ መዛወርም ከዝርዝሩ ለመውጣት ከረዱት ነገሮች አንዱ ነው። ይህም እውነት ነው፤ ቤታቸውን ጥለው መሄዳቸውም እውነት ነው። ሰሌዳ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሁለቱን እውነት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይችላል። አንዱን ግን መሠረዝ አይችልም። ጐብኚው የተሠረዘውን ባያውቅም ከአጠገቡ ጠመንጃ አንግቶ የሚሄደው ስካውት ያውቀዋል። ያ ሰው እናቱ ቡና ያፈላችበትን ሜዳ እየረገጠ «የሰው እጅ ያልነካው» የሚለውን ለፈረንጅ ሲያስነብብ ምን እንደሚሰማው አስቡ።

እኔ የማቀርበው ረቂቅ ይህ ነው፤

«ይህ ሜዳ ግጭ የሚባል መንደር ነበረ። ሰዎቹ ገብስ ያርሱ፣ ከብትና በግ ያረቡ ነበር። ሣሩ ተጋጥቶ አራዊቱ በተቸገሩ ጊዜ መንደሩ እንዲነሣ ተወሰነ፤ እስከ 2016 ድረስ ሁሉም ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ማሳ የነበረው አሁን ወደ ሣር እየተመለሰ ነው። አብሯችሁ የመጣው ስካውት ይህን መንደር ያውቀው ይሆናል። ጠይቁት።»

የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ቲልደን ሰውን ከመሣሪያ ያስበልጥ ነበር ብያችሁ ነበር። በሰሜን ተራሮች ጐብኚ ሁሉ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ይሄዳል፤ ብዙው ዓለም በገንዘብ የማያገኘውን ነገር እኛ አለን። የምንሠራው ግን ስካውቱ ዝም ብሎ ከኋላ እንዲከተል፣ ሰሌዳው እንዲናገር ነው። ኢትዮጵያዊው ጐብኚ እንኳ ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ አያናግረውም። አምስቱም ሰሌዳዎቻችሁ ከስካውቱ ጋር ንግግር የሚያስከፍት አንድ ጥያቄ ቢይዙ ከገንዘባችሁ በላይ ሠራችሁ ማለት ነው። ጅብራው ለምን ይጠቅማል? ጭላዳ ገብስ ሲገባ ምን ታደርጉት ነበር? በ2019 እሳት በተነሣ ጊዜ የት ነበራችሁ? በዚያ ዓመት ከእስራኤልና ከኬንያ ርዳታ እስኪመጣ ድረስ ቅጠል ይዘው ከእሳቱ ጋር ሲታገሉ የቆዩት የአካባቢው ሰዎችና ስካውቶቹ ናቸው፤ ይህን ከእነርሱ አፍ መስማት ከማንኛውም ትርኢት ይበልጣል።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ከላይ ያነበብሁላችሁን የግጭን ረቂቅ እኔ ብጽፈውም የማጽደቅ ሥልጣን የለኝም፤ እናንተም የላችሁም። ሰዎቹ በደባርቅ ስላሉ ከመተከሉ በፊት ወስዳችሁ አንብቡላቸው። በዕድሜ የገፉትን፣ ሴቶቹንም ጭምር ጠይቁ፤ ወንዶቹ ስለ መሬቱ ይነግሯችኋል፣ ሴቶቹ ደግሞ ውኃ ከየት ይቀዱ እንደ ነበር። «ተወሰነ» የምትለዋን ቃል ላይወዱአት ይችላሉ፤ ማን ወሰነ ይሏችኋል። ያን ጊዜ የሚሏችሁን ጻፉ፤ ቃሉ ቢያስቸግራችሁ ከፓርኩ ሰዎችና ከእነርሱ ጋር በአንድነት ተቀመጡ። ምናልባት ሰሌዳው በዚህ ዓመት ላይደርስ ይችላል። አራቱን ተክላችሁ አምስተኛውን ለከርሞ ብታቆዩት እኔ በበኩሌ አላዝንም።

ወደ ደባርቅ ቀድመው ለሚሄዱት ሦስት ሰዎች የመሳፈሪያውን ገንዘብ ማኅበሩ እንደሚችል ፕሬዚዳንቱ ነግረውኛል። ሁለቱ ተገኝተዋል። ሦስተኛዋ ሴት ተማሪ ብትሆን ደስ ይለናል፤ የምትፈቅድ እስከ ቅዳሜ ድረስ ስሟን ለማኅበሩ ጸሐፊ ትስጥ።